«ተባበሩ» ልበል ወይስ ሌላ ቃል አለው? እስከ 11 ሰዓት ነው ያለኝ!

የአሸዋው ነጋዴ፦ እባካችሁ ቶሎ! ድሬዳዋ ውስጥ ለአንድ ምግብ ቤት ሽንኩርትና ድንች ለማቅረብ ተጫርቼ ተሸነፍኩ። አቤቱታ እየጻፍኩ ነው። አሸናፊውና ሁለተኛ የወጣው በድብቅ ተስማምተዋል። «ተባበሩ» ብዬ ብጽፍ ወንድሜ «ይሄማ ምስጋና ይመስላል» አለኝ። ቃሉ ምንድን ነው?

የከዚራ ልጅ፦ አቦ፣ «ተመሳጠሩ» ነዋ! ካርታ ስንጫወት አንዱ ጆሮውን እያከከ ለጓደኛው ምልክት ሲሰጥ ምን ብለን ነው የምንጮኸው?

መምህር ከሐረር፦ ልጄ፣ ቃሉ ከ«ምስጢር» የወጣ ነው። ሰው ብቻውን አይመሳጠርም፤ «ከእገሌ ጋር ተመሳጥሮ» ነው የሚባለው። «አሻጥር» ግን የተሠራው ተንኮል ነው፤ አንድ ሰውም ይሠራዋል። «ዶለቱ» አትበል፣ ዱለታ ሰው ለመጣል ነው። «ተሻረኩ»ም አይሆንም። ሸሪክነት በእኛ አገር የተከበረ ነገር ነው፤ ሰው በአደባባይ «ሸሪኬ ነው» ብሎ ያስተዋውቃል። የሚደበቀው መመሳጠር ነው።

ሳቢያን፦ «ተመሳጥረው» በል፣ አለቀ።

የቀፊራዋ፦ ቆይ እንጂ! መመሳጠራቸውን በምን አወቅክ? ሁሉም ከቀፊራ ገበያ ነው የሚገዛው። ዋጋ ቢቀራረብ ምን ይገርማል?

የአሸዋው ነጋዴ፦ ቢቀራረብማ ምን ገዶኝ! ጨረታው ሲከፈት እዚያው ነበርኩ። ሁለተኛው በአሸናፊው ዋጋ ላይ በየዓይነቱ ልክ 50 ሳንቲም ነው የጨመረው። ሁለቱም «ሽንኩርት»ን «ሽንኩረት» ብለው ጽፈዋል። የእጅ ጽሑፉም አንድ ነው!

ራፖር ጸሐፊ፦ ወንድሜ፣ ይሄንን ነበር መጀመሪያ መጻፍ! በጨረታ መመሳጠር በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ግን «ተመሳጥረዋል» ብለህ አትጀምር። 50 ሳንቲሟን፣ ስህተቱንና የእጅ ጽሑፉን አስቀድም። ከዚያ «ይህም ተመሳጥረው ያቀረቡት መሆኑን ያመለክታል» በል። ሁለቱ ሰነዶች ጎን ለጎን እንዲታዩልህም ጠይቅ። ስታስገባ ቅጂህ ላይ የገቢ ማህተም ሳታስመታ እንዳትወጣ!

ድሬ ሰው፦ «ተመሳጠሩ» ነው ትክክሉ።

የቀፊራዋ፦ ስለ ሽንኩረቱ ካነበብኩ ወዲህ እኔም ካንተ ጋር ነኝ። ቶሎ በል!

የከዚራ ልጅ፦ 11 ሰዓት ሞላ። አስገባህ?