ፓሪስን ከላይ ለማየት የት ልውጣ ለምትሉ

አንድ ቦታ ብቻ የምትወጡ ከሆነ የእኔ ጥቆማ አርክ ደ ትሪዮምፍ (የድል ቅስቱ) ነው። ኤፍል ታወር ላይ ሆናችሁ እኮ ኤፍልን አታዩትም!

አርኩ ቁመቱ 50 ሜትር ገደማ ነው፤ ኤፍል 330። የአርኩ ማነስ ግን ጠቀመው። ከኤፍል ጫፍ ሰው አይለይም፤ ከአርኩ ጣሪያ ላይ ግን ሰዉም ዛፉም በረንዳውም ይታያል። ከእግራችሁ ስር 12 ሰፋፊ ጎዳናዎች በየአቅጣጫው ይበተናሉ። በአንድ በኩል ሻንዜሊዜ እስከ ኮንኮርድ አደባባይ፣ በሌላው የቢዝነስ ሰፈሩ የላ ዴፋንስ ፎቆች። አርኩ ያለበት አደባባይ ራሱ ትርኢት ነው፦ የመስመር ቀለም የለውም፣ ቅድሚያ ደግሞ ለአዲስ ገቢው መኪና ነው። ስለዚህ በእግር ልሻገር እንዳትሉ። ከሻንዜሊዜ በኩል በምድር ስር የሚያስገባ መተላለፊያ አለ።

ደረጃው 284 ነው፤ ጠባብና ጠመዝማዛ። ሊፍቱ ለአካል ጉዳተኞችና መውጣት ለማይችሉ እንጂ ለሁሉም አይደለም። ከ18 ዓመት በታች መግቢያው ነጻ ነው። ለሌላው ቲኬት ቀድሞ ኦንላይን መቁረጥ ይሻላል። ከቅስቱ ስር መቆም ግን ለማንም በነጻ ነው።

ሰዓት ምረጡ። እዚያው ስር ባለው የማይታወቀው ወታደር መቃብር ላይ በየቀኑ ከምሽቱ 12፡30 በእኛ አቆጣጠር ሳይጠፋ የሚነደው እሳት ይታደሳል፤ ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ነው። በክረምታቸው ቶሎ ስለሚመሽ እሱን አይቶ መውጣት ያዋጣል። ከጨለመ በኋላ ኤፍል ሰዓት በሞላ ቁጥር ለ5 ደቂቃ ብልጭ ድርግም ይላል።

ጉልበት ለሚያማችሁ ጋለሪ ላፋዬት ይሻላል። የገበያ ማዕከሉ ጣሪያ ነጻ ነው፣ ኦፔራ ጋርኒዬ የሚባለው የኦፔራ ቤትም ከፊት ለፊት ነው። ችግሩ ከሱቁ ጋር አብሮ ይዘጋል፤ ቶሎ በማይመሽበት ወቅት ለማታ መብራት አይሆንም።

ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሳክሬ ከርስ? ፊት ለፊቱ ያለው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ከተማውን ማየት በነጻ ነው፣ ደስ ይላል። ኤፍልን ከዚያ ለማግኘት ግን አንገት ማስገግ ነው። ጉልላቱ ላይ መውጣት በክፍያ ነው፤ 300 ገደማ ደረጃ፣ ሊፍትም የለው። ያን ያህል ከወጣሁ አይቀር እኔ አርኩን እመርጣለሁ።