ከደብረ ብርሃን በ3 ሜትር ዲሽ ፑልሳር መለካት፦ የትኛውን፣ በምን ዕቃ?

ደብረብርሃን_ዲሽ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እጃችን ላይ ያለው ይህ ነው፦ ድሮ ለሲ-ባንድ ሳተላይት ያገለግል የነበረ የ3 ሜትር ወንፊት ዲሽ፣ ለ1420 ሜጋኸርዝ የተሠራ የቆርቆሮ ፊድ (ዲሹ የሰበሰበውን ሞገድ የሚቀበል ክፍል)፣ ኖይዙ 0.5 ዲቢ የሆነ ኤልኤንኤ (ደካማ ምልክት ማጉያ)፣ አንድ አርቲኤል-ኤስዲአር (ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ርካሽ የራዲዮ ተቀባይ) እና ላፕቶፕ። የሃይድሮጅኑን መስመር በግልጽ እናያለን። ቀጣዩ ፑልሳር (እየተሽከረከረ በየዙሩ የራዲዮ ምት የሚልክ የኮከብ ቅሪት) ነው። ውጭ ያሉ አማተሮች አብዛኞቹ «በቢ0329+54 (በሰሜን ሰማይ ባለ ፑልሳር) ጀምሩ» ይላሉ፤ ለኛ ኬክሮስ፣ ለ9.7 ዲግሪ ሰሜን፣ እውነት እሱ ይሻላል? በዚህ ዕቃ ፔሬዱን (ከምት እስከ ምት ያለውን ጊዜ)፣ ፔሬዱ የሚረዝምበትን ፍጥነትና ዲኤሙን (በመንገዱ ላይ ያለውን የኤሌክትሮን ብዛት፣ ዝቅተኛውን ድግግሞሽ የሚያዘገየውን) መለካት ይቻላል? አንድ ጉብታ ግራፉ ላይ ቢወጣስ ፑልሳር መሆኑ በምን ይታወቃል? ለከፍታው ብለን ዲሹን ወደ ጣርማበር አፋፍ ለመውሰድም አስበናል።

ስሌት_ይቅደም፦
0329ን ተዉት፣ በደቡብ ሰማይ ያለችውን ፑልሳር ቬላን ያዙ። አውሮፓ ያሉት 0329ን የሚመርጡት ቬላ ከአድማሳቸው ስለማትወጣ ወይም በጣም ዝቅ ስለምትልባቸው ነው። የቬላ ዲክሊኔሽን (ከሰማይ ወገብ ያላት ርቀት) −45.2 ዲግሪ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ስትታይ በደቡብ በኩል እስከ 35 ዲግሪ ከፍ ትላለች፣ ከ20 ዲግሪ በላይ ደግሞ 6 ሰዓት ተኩል ያህል ትቆያለች። 0329 በሰሜን 45 ዲግሪ ይደርሳል። በከፍታ እሱ ይበልጣል፤ በጉልበት ግን በ1400 ሜጋኸርዝ 0.2 ጃንስኪ (የራዲዮ ድምቀት መለኪያ) ብቻ ነው፣ ቬላ 1 ጃንስኪ ገደማ።

ሒሳቡን እንሥራው። የዲሹ ስፋት 7 ሜትር ካሬ ነው፤ ፊዱ 55 በመቶውን ቢጠቀምበት 3.9 ይቀራል። የሲስተሙ ሙቀት 120 ኬልቪን ቢሆን ኖይዛችሁ 85,000 ጃንስኪ ከሚያበራ ምንጭ ጋር እኩል ነው። 1 ጃንስኪ ከዚህ ውስጥ የሚወጣው በብዙ ማማከል ብቻ ነው። 2.4 ሜጋኸርዝ ባንድ ለ2 ሰዓት፣ ማለትም ለ7,200 ሴኮንድ ስትቀዱ የሁለቱ ብዜት ስኩዌር ሩት 131,000 ይሆናል። ቬላ በ89 ሚሊሴኮንድ ዙር ውስጥ የምታበራው ለ2 ሚሊሴኮንድ ያህል ስለሆነ ቀረጻው በፔሬዱ ከታጠፈ (ዙሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ከተደመሩ) በኋላ ተጨማሪ 6.6 እጥፍ ይገኛል። ውጤቱ የሲግናልና የኖይዝ ጥምርታ 10 ነው። ለ0329 ያው ስሌት 3 ይሰጣል፤ 3 ደግሞ ለማንም የሚያሳዩት ነገር አይደለም። 0329 በሲንቲሌሽን፣ ማለትም በኮከቦች መካከል ያለው ጋዝ በሚያመጣው የድምቀት መዋዠቅ፣ ምክንያት አንዳንድ ቀን ብዙ እጥፍ ይደምቃል፣ ሌላ ቀን ይጠፋል። ቬላ በዚህ ድግግሞሽ እንዲህ አትቀልድም፤ የሲንቲሌሽኗ ነጠብጣቦች በጣም ጠባብ ስለሆኑ ባንዱ ውስጥ ይለሳለሳሉ።

10 ሜጋኸርዝ የሚወስድ ተቀባይ፣ ለምሳሌ ኤርስፓይ አር2፣ ብትገዙ ጥምርታው ወደ 20 ይወጣል። ገንዘብ ካለ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይውል።

የዲሹ ጨረር ወርድ 5 ዲግሪ ገደማ ነው። ዲሹን አቁማችሁ ቬላ እንድታልፍ ብትጠብቁ 28 ደቂቃ ብቻ ታገኛላችሁ፣ ጥምርታውም ከግማሽ በታች ይወርዳል። በየ10 ደቂቃው ወደ 1.8 ዲግሪ ስለምትጓዝ በእጅ እየገፉ መከተል ይበቃል፤ ሞተር ግዴታ አይደለም። ጥር 18 ገደማ ደቡብን የምታልፈው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በየቀኑ 4 ደቂቃ እየቀደመች መጋቢት 18 ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ትሆናለች።

ቆርቆሮና_ብየዳ፦
ጣርማበርን እርሱት። በ21 ሴንቲሜትር ሞገድ አየሩ ብርጭቆ ማለት ነው፣ ከፍታ የሚጨምረው ነገር የለም። እንጦጦ ላይ ያሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚታይ ብርሃን ስለሚሰበስቡ 3,200 ሜትሩ ይጠቅማቸዋል፤ እናንተ አፋፍ ላይ ስትወጡ የምታተርፉት የአካባቢውን የሞባይል ማማ ሁሉ ፊት ለፊት ማየት ነው። 1420 ላይ ባያስተላልፉም የ900 እና የ1800 ሜጋኸርዙ ኃይል ኤልኤንኤውን ያጨናንቀዋል። ወደ አንጎለላና ጠራ በኩል ረባዳ ሜዳ ፈልጉ፤ ደቡቡ ከ15 ዲግሪ ከፍታ ጀምሮ ክፍት ይሁን፣ በቀሩት ሦስት አቅጣጫዎች ኮረብታ ቢጋርዳችሁ ጥሩ ነው። (ገደል አጠገብ ከሆናችሁ ደግሞ ገመዱን ለጭላዳ አትተዉ።)

ፊዱን በሜትር ለኩት። የቆርቆሮው ዲያሜትር 15 ሴንቲሜትር ቢሆን ከ1171 ሜጋኸርዝ በታች አያሳልፍም፣ ያልተፈለገው ሁለተኛ ሞድ (ሞገዱ በቆርቆሮው ውስጥ የሚይዘው ሌላ ቅርጽ) ደግሞ ከ1530 ይጀምራል፤ 1420 በደህና መሃል ይገባል። ከ16 ካለፈ ሁለተኛው ሞድ ይገባና ዲሹን በትክክል አያበራም። ፒኑ ከተዘጋው ጀርባ 9.3 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ ርዝመቱ 5 ሴንቲሜትር ይሁን። የቆርቆሮው አፍ ፎከሱ ላይ ይቀመጥ። ኤልኤንኤው ፊዱ ላይ ራሱ ይታሰር፤ ከእሱ በፊት 1 ዲቢ ገመድ ላይ ቢጠፋ 75 ኬልቪን ተጨመረባችሁ ማለት ነው፣ ከላይ የተሠራው ስሌት ሁሉ ይፈርሳል።

ፑልሳሩን ከመሞከር በፊት ፀሐይን ለኩ። ጠዋት 35 ዲግሪ ላይ ስትደርስ ዲሹን ወደ እሷ፣ ከዚያ በተመሳሳይ ከፍታ ወደ ባዶ ሰማይ አዙሩ። ፀጥ ባለች ፀሐይ ልዩነቱ 8 ዲቢ አካባቢ መሆን አለበት፤ ንቁ ስትሆን ይበልጣል። 5 ዲቢ ካልሞላ ፊዱ ከፎከስ ወጥቷል፣ ወይም አንድ ማገናኛ ውሃ ገብቶበታል። አቅጣጫን በኮምፓስ አትያዙ፣ የዲሹ ብረት ያሳስተዋል፤ በፀሐይ ጥላ ያዙ። 35 ዲግሪ የመረጥኩትም ቬላ የምትደርስበት ከፍታ ስለሆነ ነው፤ የዲሹ መጎበጥና የማዕዘን መለኪያው ስሕተት በዚያው ከፍታ ይታያል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፦ የቬላ ሞገድ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በአንድ አቅጣጫ ፖላራይዝድ ነው (በአንድ መስመር ላይ ይወዛወዛል)። አንድ ፒን ብቻ ያለው ፊድ ዕድል ከቀናው ከስሌቱ እጥፍ ሊያገኝ፣ ካልቀናው ባዶ ሊቀር ይችላል። ምንም ካልታየ ቆርቆሮውን በ90 ዲግሪ አዙራችሁ በማግስቱ ድገሙት። ሁለት ፒን በ90 ዲግሪ አቁሞ ሁለቱንም መቅዳት ከሁሉ ይበልጣል፣ ግን ሁለት ኤልኤንኤና ሁለት ተቀባይ ይፈልጋል።

ኤሌክትሪክ ከ12 ቮልት ባትሪ ይሁን። ርካሽ ኢንቨርተር ራሱ ጣልቃ ገብ ሞገድ ይረጫል።

ደብረብርሃን_ዲሽ፦
እግዜር ይስጥልን። የኤቲኤንኤፍ ካታሎግ (የፑልሳሮች መዝገብ) ላይ የቬላ ፔሬድ 0.089328 ሴኮንድ ተብሎ ተጽፏል። ቀረጻውን በዚሁ ቁጥር ማጠፍ ይበቃል?

ዶፕለር፦
አይበቃም፤ በዚህ ቁጥር ካጠፋችሁ ዲሹ 30 ሜትር ቢሆንም አታዩአትም። ያ ቁጥር የ2000 ዓመተ ምሕረት ነው፣ በፈረንጆቹ። ቬላ በየዓመቱ 3.9 ማይክሮሴኮንድ እየዘገየች ስለሆነ ዛሬ ወደ 0.0894 ተጠግታለች። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ከሺህ አንድ እጅ በላይ ነውና በ2 ሰዓት ቀረጻ ውስጥ ወደ 90 ዙር ያህል ይንሸራተታል፣ ምቱ በጠቅላላው ዙር ላይ ተቀብቶ ይጠፋል። በዚህ ላይ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር የሚመጣው የፔሬድ ለውጥ (ዶፕለር) ለቬላ እስከ 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 እጅ) ይደርሳል። ስለዚህ ካታሎጉ የሚሰጣችሁን መነሻ (የፔሬዱንና የለውጡን ቁጥሮች) ቴምፖ2 ለተባለው ፕሮግራም ስጡትና ለቦታችሁና ለሰዓታችሁ የሚሆነውን ፔሬድ ያውጣላችሁ። ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው፦ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል የኛ፣ በዩቲሲ 21፡30 የዚያው ምሽት ነው። የቀኑ መቀየር እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያሳስታል።

መነሻውም በቅርቡ የታተመ ይሁን። ቬላ በየ3 ዓመቱ ገደማ ግሊች ታደርጋለች፤ ፔሬዷ በድንገት በሚሊዮን አንድ ወይም ሁለት እጅ ያጥራል። የመጀመሪያው የታየው በፈረንጆቹ 1969 ነው፣ የታኅሣሥ 2016ቱ (ይህም በፈረንጆቹ) ደግሞ ቴሌስኮፕ እያያት ነው የሆነው። ከግሊች በፊት የወጣ መነሻ ምቱን ከቦታው ያንሸራትታል።

ስለ ኤርስፓይ ከላይ በተባለው በግማሽ እስማማለሁ። ከባንዱ ይልቅ ሰዓቱ ያሳስበኛል። የተቀባዩ ኦሲሌተር በ1 ፒፒኤም ቢያፈነግጥ በ7,200 ሴኮንድ 7.2 ሚሊሴኮንድ ይሳሳታል፤ ምቱ 2 ነው። በታኅሣሥና በጥር ውርጭ ሙቀቱ ሌሊቱን ሲወርድ ኦሲሌተሩ ራሱ አብሮ ይንሸራተታል፣ ያኔ ቋሚ እርማትም አይሠራም። ተቀባዩን በስፖንጅ በተሸፈነ ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ አብሩት። የተሻለው በጂፒኤስ የሚታረም ኦሲሌተር ነው፤ ኤርስፓይ አር2 የውጭ 10 ሜጋኸርዝ መቀበያ ስላለው በቀጥታ ይሰካል፣ አርቲኤሉን ግን ከፍቶ መበየድ ያስፈልጋል። ያለ ጂፒኤስ ከሄዳችሁ በትንበያው ግራና ቀኝ 20 ፒፒኤም መፈለግ ግድ ይሆናል። ያ 140 ሙከራ ነው፤ እያንዳንዱ 45 ክፍል ሲኖረው ከ6,000 በላይ ቁጥር ታያላችሁ ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ባዶ ኖይዝ ብቻውን 3.5 ወይም 4 ይሰጣል። ከ6 በታች የሆነውን አትመኑ።

ሌላው ወጥመድ የጠፋ ሳምፕል ነው። ላፕቶፑ ሲጨናነቅ አርቲኤሉ አንድ ብሎክ ይጥላል፤ ብሎኩ 262,144 ባይት ነው፣ በ2.4 ሚሊዮን ሳምፕል ፍጥነት 54.6 ሚሊሴኮንድ ይሆናል፣ ከግማሽ ዙር በላይ። ከዚያ በኋላ የተቀዳው ሁሉ በሌላ ፌዝ (የዙሩ ቦታ) ላይ ያርፋል። የ1 ሰዓት ፋይል በትክክል 17.28 ጊጋባይት መሆኑን ሁልጊዜ አረጋግጡ። ከዚያ ወደ 64 ቻናልና 0.5 ሚሊሴኮንድ ፊልተርባንክ (በድግግሞሽና በጊዜ የተከፋፈለ ፋይል) ለውጡት፤ በሰዓት ግማሽ ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። የተበላሹትን ቻናሎች ቆርጣችሁ ፕሬስቶ በተባለው ፕሮግራም እጠፉ።

ፑልሳር መሆኑን ለማረጋገጥ፦ ጉብታው በቀረጻው የመጀመሪያና የመጨረሻ ግማሽ በተመሳሳይ ፌዝ ላይ ይታይ፤ ባንዱን ለሁለት ስትከፍሉም እንዲሁ። ፔሬዱን በ1 ፒፒኤም ስታዛንፉት ይደብዝዝ። ዲሹን 10 ዲግሪ ወደ ጎን አዙራችሁ ያንኑ ያህል ስትቀዱ ይጥፋ። ከባለ 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክና ከሞተር የሚመጣ ጉብታ ግን ዲሹ የትም ቢዞር አይጠፋም። ዲኤምን ዜሮ አድርጎ መፈተን እዚህ ደካማ ነው፤ በ1420 ላይ በ10 ሜጋኸርዝ ውስጥ የቬላ መዘግየት 2 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው፣ በ2.4 ደግሞ ግማሽ ሚሊሴኮንድ አይሞላም።

የመርዘሙ ፍጥነት ግን በደንብ ይለካል። በየቀኑ 10.8 ናኖሴኮንድ ወይም 0.12 ፒፒኤም ነው፤ ጂፒኤስ ካላችሁ በሳምንት ልዩነት ሁለት ቀረጻ ያሳያችኋል። ቅድሚያ ወደ ባሪሴንተር (የፀሐይ ሥርዓት የክብደት ማዕከል) አርሙ፣ አለዚያ የምትለኩት የምድርን ዙር ነው፤ እሱ በቀን እስከ 0.86 ፒፒኤም ይቀያየራል። ፔሬዱን ለመርዘሙ ፍጥነት እጥፍ ስታካፍሉ 11,300 ዓመት ይወጣል፣ ያ የቬላ ግምታዊ ዕድሜ ነው። ከሁለቱ ቁጥሮች የሚወጣው ማግኔታዊ መስክ 3.4 ትሪሊዮን ጋውስ ነው።

ስሌት_ይቅደም፦
በሰዓቱ ጉዳይ ዶፕለር ልክ ነው፤ ኤርስፓዩና ጂፒኤሱ አብረው ይገዙ።

ስለ ዲኤም ልጨምር። በ10 ሜጋኸርዝ ባንድ ብቻ ብትለኩት ስሕተቱ 20 በመቶ ይሆናል፦ 68 የሆነውን ከ54 እስከ 82 የትም ልታገኙት ትችላላችሁ። መላው በሁለት ድግግሞሽ መቅዳት ነው። ምቱ 1300 ላይ ከ1420 በ27 ሚሊሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አንዱን ዛሬ ሌላውን ነገ ቀድታችሁ ሁለቱንም በጂፒኤስ ሰዓትና በአንድ መነሻ ካጠፋችሁ ስሕተቱ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ቆርቆሮው 1300ን ያሳልፋል። ኤልኤንኤው ውስጥ ለሃይድሮጅን የተሠራ ፊልተር ካለ ግን ያፍነዋል፣ ለዚያ ቀን ፊልተር የሌለው ኤልኤንኤ ያስፈልጋል። 1300 አካባቢ የአቪዬሽን ራዳር ስለሚሠራ ቦታውን አስቀድማችሁ በተቀባዩ ቃኙት፤ በየጥቂት ሴኮንዱ የሚመለስ ብልጭታ ካለ 1340 ወይም 1360 ሞክሩ፣ መዘግየቱ ቢቀንስም ይሠራል።

ዲኤሙን ካገኛችሁ በኋላ ርቀት ለማውጣት አትቸኩሉ። በሴንቲሜትር ኩብ 0.03 ኤሌክትሮን የሚለውን የተለመደ አማካይ ካስገባችሁ ከ2,200 ፓርሴክ (አንዱ 3.26 የብርሃን ዓመት) በላይ ይወጣል፤ በፓራላክስ (ምድር ስትዞር በሚታየው የቦታ ለውጥ) የተለካው ርቀቷ 290 ፓርሴክ ገደማ ነው። በመካከል ያለው የጋም ኔቡላ (ሰፊ የጋዝ ደመና) በኤሌክትሮን የታጨቀ ነው።