ከሃሊፋክስ የተረፈ የለም እንዴ?

ሙጫ በጣቴ፦
ሰላም ወገኖች። ሁለት ወር ሙሉ የሃሊፋክስ (የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን) ሞዴል እየገጣጠምኩ ነው፤ ማርክ 3 የሚባለው ዓይነት። ጅራቱ ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙት ሁለቱ ክንፎች ሳጥኑ ላይ ባለው ሥዕል ሦስት ማዕዘን፣ መመሪያው ወረቀት ላይ ግን አራት ማዕዘን ናቸው። እውነተኛውን አይቼ ልረፍ ብል የሚመጣልኝ ሁሉ ሌላው ቦምብ ጣይ፣ ላንካስተር ነው! ከ6,000 በላይ ሃሊፋክስ ተሠርቶ አንድም አልቀረም?

ሐይቅ ዳር፦
ወረቀቱን እመን። ሦስት ማዕዘኑ የመጀመሪያዎቹ ነው። በአንድ ጎን ያሉት ሞተሮች ጠፍተው አብራሪው ፔዳሉን አጥብቆ ሲረግጥ፣ የጅራቱ መሪ እዚያው ተቆልፎ ይቀርና አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ይወርዳል። ሰው ካለቀ በኋላ ነው ሰፊው አራት ማዕዘን የመጣው።

የተረፉት ሁለት ናቸው እላለሁ፤ ሁለቱንም ያተረፋቸው ውሃ ነው። ከጦርነቱ በኋላ መሬት ላይ የቀሩት ለአሉሚኒየማቸው ተቆራረጡ። ላንካስተርን ካናዳ ለባሕር ቅኝት ስላቆየችው ነው ዛሬ የበዛብህ።

አንዱ ለንደን፣ ሄንደን ሙዚየም ነው። በሚያዝያ 1942 (እ.ኤ.አ.) ቲርፒትዝ የተባለችውን የጀርመን የጦር መርከብ ሊመታ ኖርዌይ ሄዶ ተመታ፤ አብራሪው በረዶ በሆነው ሆክሊንገን ሐይቅ ላይ አሳረፈው። በረዶው ሲቀልጥ ሰመጠ፣ ጠላቂዎች በ1973 አወጡት። አብዛኛውን አካሉን እንደወጣ ነው የተዉት። ፊቱ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ቆዳው ተቀዳዶ የጎን አጥንቱ ይታያል፤ አዲስ ቀለም ከተቀባ አሥር አውሮፕላን ይበልጥብኛል። ላንተ ግን አይሆንም፦ ማርክ 2 ነው፣ ሞተሩ መርሊን።

አንተን የሚጠቅምህ ካናዳ፣ ትሬንተን ያለው ነው። በሚያዝያ 1945 ለኖርዌይ አርበኞች ስንቅና መሣሪያ ጥሎ ሲመለስ ተመትቶ ምዮሳ ሐይቅ ገባ፤ ከስድስቱ የተረፈው የጅራት ተኳሹ ብቻ ነበር። በ1995 ከ200 ሜትር በላይ ጥልቀት ወጥቶ አሥር ዓመት ተጠገነ። ማርክ 7 ነው፤ ሞተሩ ግን እንደ ማርክ 3 ሄርኩለስ፣ ጅራቱም አራት ማዕዘን።

የዝገት ወዳጅ፦
እንግሊዝ፣ ኤልቪንግተን ሙዚየም ያለውን ለምን ዘለልከው? ዮርክሻየር ሄደህ አታውቅም መሰለኝ።

ሐይቅ ዳር፦
ሄጃለሁ ወንድሜ። ከገላው የተወሰነው በሉዊስ ደሴት የዶሮ ቤት ሆኖ የኖረ ነው። ክንፉ የሄስቲንግስ፣ ማለትም ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ማመላለሻ። ስሙ «አርብ 13» ደግሞ 128 ጊዜ ዘምቶ ከተመለሰው የተዋሰው ነው፤ እሱ ራሱ ተቆራርጧል። ሥራው ድንቅ ነው፤ «ተረፈ» ማለት ግን ይከብደኛል።

የዝገት ወዳጅ፦
ዶሮዎቹ ባይኖሩ ያ ቁራጭም ቀልጦ ድስት ይሆን ነበር። እኔ ሦስት ብዬ እቆጥራለሁ።

ሙጫ በጣቴ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ችግሩ፣ ሦስት ማዕዘኑን ትናንት ማታ ለጥፌዋለሁ። ፕላስቲኩን ሳይሰብር የደረቀ ሙጫ የሚያላቅቅ ነገር የሚያውቅ አለ?