አምስት ሆነን ሜሪላንድ ውስጥ የሱቆች ሕንፃ ልንገዛ ነው፤ እኔስ ሥራዬን ወደዚያ ልቀይር? ምክራችሁን

ጠያቂ፦ ከአሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። የተያያዙ ስለሆኑ አንድ ላይ ላቅርባቸው።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዲሲ መሀል ከተማ የፓርኪንግ ጋራዥ ማናጀር ነኝ። ማታ ማታ እየተማርኩ በአካውንቲንግ ዲግሪዬን ዘንድሮ ጨረስኩ። ከአራት ጓደኞቼ ጋር እቁብ ስንጥል ብዙ ቆይተናል። አሁን እያንዳንዳችን 75 ሺህ ዶላር አውጥተን፣ በድምሩ 375 ሺህ ይዘን፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ አንድ ትንሽ ስትሪፕ ሞል (ሱቆች በተርታ ያሉበት ሕንፃ) ለመግዛት እየተነጋገርን ነው። የተጠየቀው 1.5 ሚሊዮን ነው። አምስት ሱቅ አለው፦ ፀጉር ቤት፣ ስልክ መሸጫ፣ ድራይ ክሊን፣ ካሪ አውት ምግብ ቤትና የታክስ ቢሮ። ደላላው የሰጠን ወረቀት የዓመት ኪራዩ 144 ሺህ፣ ወጪው 31,500፣ የተጣራው 112,500 ነው ይላል። "ካፕ ሬቱ (የተጣራው ገቢ ከዋጋው ስንት በመቶ እንደሆነ) 7.5 ነው፣ ባንክ 75 በመቶውን ያበድራችኋል" ብሎናል።

ሁለተኛው የራሴ ጉዳይ ነው። ፓርኪንጉ ሰልችቶኛል። የሪል እስቴት ላይሰንስ አውጥቼ ኮሜርሻል (የንግድ ሕንፃ) ላይ ኤጀንት ልሁን ወይ? ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ያለ ደሞዝ መክረም አንችልም።

መልስ፦ ሀያትስቪል

ወንድሜ ደፍራችሁ ግቡበት። ያ አካባቢ ሰው እየበዛበት ነው። ኪራይ ከፍለን ከፍለን ለሌላው ሀብት ያደረግነው ይበቃል። አምስት ሱቅ ካለው አንዱ ቢለቅ አራቱ ይከፍላሉ።

መልስ፦ የብድር ክፍል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ ለዲግሪህ እንኳን ደስ ያለህ። እኔ ባንክ ውስጥ የኮሜርሻል ብድር አንደርራይተር ነኝ፤ የብድር ጥያቄዎችን እመረምራለሁ። ከዚያ በፊት ሕንፃ በሚያስተዳድር ድርጅት ውስጥ የኪራይ ውሎችን እከታተል ነበር። ስለዚህ ይህ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ቢደርስ ምን እንደማደርገው ላሳይህ።

ባንክ 112,500ን እንዳለ አይቀበለውም። መጀመሪያ ከ144 ሺው ላይ ለባዶ ሱቅ 5 በመቶ እንቀንሳለን። ዛሬ ሁሉም ሱቅ ቢያዝም እንቀንሳለን። 7,200 ሄደ። ቀጥሎ 4 በመቶ ለአስተዳደር። "እኛው እናስተዳድረዋለን" ብትሉም ይቀነሳል፤ ብድሩን መክፈል ቢያቅታችሁ ሕንፃውን የሚረከበው ሰው በነፃ አይሠራማ። ወደ 5,500 ሄደ። ለጣሪያና ለአስፋልት መጠባበቂያ ደግሞ 4 ሺህ እንያዝ። የተጣራው ገቢ ወደ 96 ሺህ ወረደ።

ወደ ብድሩ እንምጣ። የ1.5 ሚሊዮን 75 በመቶ 1,125,000 ነው። ለምሳሌ ወለዱ 7 በመቶ፣ ክፍያው በ25 ዓመት የተሰላ ይሁን። በዓመት የምትከፍሉት 95,400 ገደማ ይሆናል። የሚገባው 96፣ የሚወጣው 95.4። አንድ ማሞቂያ ቢበላሽ ከኪሳችሁ ነው። አብዛኛው ባንክ ገቢው የብድር ክፍያውን ቢያንስ 1.25 ጊዜ እንዲሸፍን ይፈልጋል። በዚህ ስሌት ሕንፃው የሚሸከመው ብድር 900 ሺህ አካባቢ ብቻ ነው። ቀሪው 600 ሺህ ከእናንተ ይጠበቃል፣ ያውም የክሎዚንግ (የግዢ ማጠናቀቂያ) ወጪው ሳይጨመር። በነፍስ ወከፍ 120 ሺህ ማለት ነው። በደላላው በራሱ ቁጥር ብንሄድ እንኳ ሽፋኑ 1.18 ነው፤ እሱም አያልፍም።

ስለዚህ ዋጋውን ማስወረድ ይሻላችኋል። 96 ሺህን በዚያው በ7.5 ካፕ ሬት ብታሰላው ሕንፃው የሚያወጣው 1,280,000 ገደማ ነው። ስትደራደሩ ከዚህ ቁጥር ተነሱ። ሻጩ ቢቆጣም አይክፋችሁ፤ ሒሳቡን ቁጭ አድርጋችሁ አሳዩት።

ታክሱንም ራስህ አጣራ። ሜሪላንድ ንብረት የሚገመተው በየሦስት ዓመቱ ነው። ሻጩ የጻፈው የድሮውን ግምት ከሆነ የሚቀጥለው ጭማሪ የሚወድቀው በእናንተ ላይ ነው። የስቴቱ የግምት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን አስገብተህ ማየት ትችላለህ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የኪራይ ውሎቹን እስካሁን ያነበባችሁ አለመምሰላችሁ ነው። በጽሑፍህ ውስጥ ስለ ውሎቹ አንድም ነገር የለም። የሱቅ ሕንፃ ዋጋ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ታክስ፣ ኢንሹራንስና ጥገና ማን ይከፍላል? ትሪፕል ኔት ከሆነ ተከራዮቹ ይከፍላሉ፤ ጭማሪም ቢመጣ እነሱን ይመለከታል። እናንተ 31,500 ወጪ ስላላችሁ ውሎቹ፣ ቢያንስ ከፊሎቹ፣ ትሪፕል ኔት አይመስሉም። እያንዳንዱ ውል መቼ ያልቃል? ሦስቱ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያልቁ ከሆነ "ሁሉም ተከራይቷል" የሚለው ቃል ብዙም አይጠቅማችሁም። ተከራዩ የማራዘም መብት አለው? ካለውስ በስንት ዋጋ? ካሪ አውቱ ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት በዛሬው ኪራይ የማራዘም መብት ካለው፣ አካባቢው ቢያድግም የእናንተ ኪራይ ባለበት ይቆማል።

ውሉን ማንበብም ብቻውን አይበቃም። ከእያንዳንዱ ተከራይ ኢስቶፕል አስፈርሙ። ተከራዩ "ኪራዬ ይህን ያህል ነው፣ ተቀማጬ ይህን ያህል ነው፣ ከአከራዩ ጋር ክርክር የለኝም" ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት ነው። በድሮ ሥራዬ አንድ ተከራይ ለአዲሱ ባለቤት "የቀድሞው አከራይ የአራት ወር ኪራይ ሊተውልኝ ተስማምተናል" ብሎ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ። ደብዳቤው እውነተኛ ነበር። ውሉ ውስጥ ግን አልነበረም።

ድራይ ክሊኑን በተመለከተ፣ እባክህ ይህን አትለፈው። ድራይ ክሊን ቤቶች ለብዙ ዓመታት ፐርክ የሚባል ኬሚካል ሲጠቀሙ ኖረዋል። ከወለሉ ሥር ወደ አፈሩና ወደ ከርሰ ምድር ውሃው ይሰርጋል። በ1980 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ሰርክላ የሚባለው፣ ማጽዳቱን አሁን ባለው ባለቤት ላይ ሊጥል ይችላል፤ እናንተ ጠብታ ባታፈሱም። መከላከያው ከግዢው በፊት ፌዝ ዋን የሚባለውን የአካባቢ ጥናት ማሠራት ነው። ጥቂት ሺህ ዶላር ያስወጣል። አጠራጣሪ ነገር ከተገኘ አፈር የሚቆፈርበት ፌዝ ቱ ይከተላል። ደግሞም የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ኢፒኤ፣ በዲሴምበር 2024 ፐርክን ከድራይ ክሊን ቀስ በቀስ የሚያስወጣ ደንብ አውጥቷል። ተከራዩ አሁንም በፐርክ የሚሠራ ከሆነ ማሽን ለመቀየር አቅም አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልቻለ አንድ ሱቅ ባዶ ሊሆን ነው።

"25 ዓመት" የሚለውም እንዳያታልላችሁ። ክፍያው በ25 ዓመት ይሰላል እንጂ ብድሩ ራሱ ብዙ ጊዜ በ5፣ በ7 ወይም በ10 ዓመት ያልቃል። ያኔ ቀሪውን ባንድ ጊዜ መክፈል ወይም በዘመኑ ወለድ እንደገና መበደር ነው። በ2021 በዝቅተኛ ወለድ የተበደሩ ሰዎች አሁን ሲያድሱ ምን እንደሚገጥማቸው በየሳምንቱ አያለሁ።

አምስት ስለመሆናችሁ ደግሞ፦ እቁብ በመተማመን ይሄዳል፤ አንድ ሕንፃ ለአምስት ሲሆን ግን ጽሑፍ ይፈልጋል። ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ስታቋቁሙ በስምምነቱ ውስጥ አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው በምን ዋጋ እንደሚገዛ፣ አንዱ ቢሞት ወይም ቢፋታ ምን እንደሚሆን፣ ተጨማሪ ገንዘብ ሲያስፈልግ ያላዋጣ ሰው ምን እንደሚሆን ይጻፍ። ባንኩም አምስታችሁንም በግል ዋስትና ሊያስፈርማችሁ ይችላል። ሌሎቹ ገንዘብ ብቻ አዋጥተው አንተ ብቻህን የምታስተዳድር ከሆነ ነገሩ የሴኩሪቲስ (የኢንቨስትመንት ድርሻ ሽያጭ) ሕግ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል መጀመሪያ ጠበቃ አነጋግሩ።

አሁን ወደ ሥራህ። ላይሰንስ ማውጣት ከባድ አይደለም፤ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ዲሲም የ60 ሰዓት ትምህርትና ፈተና ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኮሜርሻል ኤጀንት የሚኖረው በኮሚሽን ነው። አንድ ሽያጭ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ጀማሪው የመጀመሪያ ቼኩን ዓመት ሙሉ ሊጠብቅ ይችላል። ልጅ እየጠበቅህ ይህን አልመክርህም።

አንተ ግን ያለህን አልቆጠርክም። ፓርኪንግ ጋራዥ ራሱ ኮሜርሻል ሪል እስቴት ነው። የወር ደንበኛና የሰዓት ደንበኛ ገቢ እንዴት እንደሚለያይ፣ ለባለ ሕንፃው ሪፖርት እንዴት እንደሚቀርብ፣ ከ2020 ወዲህ ቢሮዎች ሲራቆቱ ሰኞና ዓርብ ጋራዡ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። ይህን ከአካውንቲንጉ ጋር አድርገህ ሦስት ዓይነት ሥራ ፈልግ፦ ፕሮፐርቲ አካውንታንት (የሕንፃ ሒሳብ የሚይዝ)፣ ሊዝ አድሚኒስትሬተር (የኪራይ ውሎችን የሚከታተል)፣ ወይም በባንክ የኮሜርሻል ክሬዲት አናሊስት (የብድር ጥያቄ የሚመረምር)። ሁሉም ደሞዝና ኢንሹራንስ አላቸው። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን እመርጥልሃለሁ። ካም የሚሉትን የጋራ ወጪ በየዓመቱ ከተከራዮች ጋር ስታስታርቅ ሕንፃ ገንዘቡ ከየት ፈስሶ የት እንደሚጠፋ ይገባሃል። ማስታወቂያዎቹ ላይ ያርዲ የሚል ሶፍትዌር ታያለህ፤ አንተ ኤክሴል በደንብ ከያዝክ እሱን ሥራው ላይ ትለምደዋለህ። በኋላ ደላላ መሆን ከፈለግህ እውቀት ይዘህ ትሄዳለህ።

መልስ፦ ባለ እንጀራ ቤት

እህታችን ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ሌላ መንገድ ልጨምር። እንጀራ ጋጋሪ ነኝ። ለዓመታት ስከራይ ቆይቼ የምሠራበትን ሕንፃ የገዛሁት በኤስቢኤ (የፌዴራሉ የአነስተኛ ቢዝነስ መሥሪያ ቤት) 504 ብድር ነው። ባንክ 50 በመቶ፣ በኤስቢኤ ዋስትና የሚሰጠው ሁለተኛ ብድር 40 በመቶ፣ እኔ 10 በመቶ። አዲስ ቢዝነስ ወይም ልዩ ዓይነት ሕንፃ ከሆነ የእናንተ ድርሻ ከፍ ይላል። ዋናው ሁኔታ ነባር ሕንፃ ከሆነ ቢያንስ 51 በመቶውን የራሳችሁ ቢዝነስ መጠቀም አለበት። ለማከራየት ብቻ ለሚገዛ አይሰጥም። ከአምስታችሁ ሱቅ ወይም ቢሮ ያለው ሰው ካለ፣ እሱን ማዕከል አድርጋችሁ ሌላ ሕንፃ ፈልጉ። በባለቤቶቹ ዜግነትና መኖሪያ ፈቃድ ላይ ያለው ደንብ ከ2025 ጀምሮ ጠበቅ ብሏል፤ አበዳሪውን መጀመሪያ ይህን ጠይቁ።

መልስ፦ ሀያትስቪል

እሺ፣ ቸኩያለሁ መሰለኝ። ግን በ375 ሺህ ዶላር አዲስ አበባ ሁለት ሱቅ ገዝቶ ማከራየት አይሻልም? ብድርም የለበት።

መልስ፦ የብድር ክፍል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ አገር ቤት መኖር ወይም መሥራት ለሚፈልግ ጥሩ ነው። የሚኖረው እዚህ፣ ወጪው በዶላር ከሆነ ግን የሚሰበሰበው ኪራይ ብር መሆኑን ያስብ። ጁላይ 29 ቀን 2024 የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። በብር የተጻፈ የሁለት ዓመት ውል የነበረው ባለሱቅ በዶላር ሲያስበው ገቢው ግማሽ ገደማ ሆነ። የአገር ቤቱን ሱቅ ለዶላር ገቢ ሳይሆን እዚያ ለመኖር ወይም ለመሥራት ያሰበ ሰው ይግዛ። ጠያቂያችን የሚፈልገው ግን የወር ገቢ ይመስለኛል።

ጠያቂ፦ ከአሌክሳንድሪያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ እርስዎም ጋሼ። ጽሑፋችሁን ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው። ደላላውን ውሎቹን ስጠይቀው "ኮንትራት ከፈረማችሁ በኋላ ነው የሚታየው" አለኝ። ይህ የተለመደ ነው? ሁለት የፕሮፐርቲ አካውንታንት ማስታወቂያ አግኝቻለሁ፤ ቅዳሜ አመለክታለሁ።

መልስ፦ የብድር ክፍል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

አዎ፣ ብዙ ሻጮች ሙሉውን ውል ከፊርማ በፊት አይሰጡም። ቢያንስ የኪራይ ዝርዝሩን፣ ማለትም ማን ምን ያህል እንደሚከፍልና ውሉ መቼ እንደሚያልቅ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ፣ አሁን ይስጣችሁ። ምስጢር የመጠበቅ ወረቀት ፈርማችሁ ጠይቁት። ከዚያ ወደ ኮንትራት ከሄዳችሁ የጥናት ጊዜ አስገቡበት፤ 60 ቀን ጠይቁ፣ ከ45 አትውረዱ። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ኮንትራቱ ከተፈረመበት ሳይሆን ሻጩ ውሎቹን፣ የሦስት ዓመት የገቢና ወጪ ሒሳቡንና የታክስ ደረሰኞቹን ሁሉ ካስረከበበት ቀን እንዲሆን ጠበቃችሁ ይጻፍ። በዚያ ጊዜ ውስጥ በማንኛውም ምክንያት ብትተዉት ለኮንትራቱ ያስያዛችሁት ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ይመለስ። ኢስቶፕሉና ፌዝ ዋኑም በዚያው ጊዜ ውስጥ ይጠናቀቁ። ለሥራው ማመልከቻ ደግሞ ሬዙሜህን በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ ከዓርብ በፊት አየዋለሁ።