«ኪንታሮት ነው» ተብላ ስምንት ወር ያለፈባት እህቴ

እባካችሁ፣ ነገሩን የምታውቁ ካላችሁ ምከሩኝ። ግራ ገብቶኛል።

ታላቅ እህቴ ሰገራዋ ላይ ደም ስታይ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ በቅጡ እንኳ ሳይመረምራት «ኪንታሮት ነው» ብሎ ቅባት አዘዘላት። ከሦስት ወር በኋላ ድካም ሲበዛባት ተመለሰች። ሄሞግሎቢኗ (የደም ማነስን የሚያሳየው መጠን) 8.1 ነበር፤ በጣም ዝቅ ብሏል። ወረቀቱ እጄ ላይ አለ፤ ቁጥሩ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦበታል። የከበበው ሰው የብረት ኪኒን ሰጥቶ ሸኛት። ደሙ ከየት እንደሚፈስ የጠየቀ የለም።

በስምንተኛው ወር ሌላ ሐኪም ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያይ ምርመራ) አዘዘ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው፣ ደረጃ 3። ሊምፍ ኖዶቿ (በአንጀቱ አካባቢ ያሉ ንፍፊቶች) ላይ ደርሷል።

ጠበቃ አማከርኩ። የሐኪሙን ስህተት ማሳየት ብቻ አይበቃም አለኝ። መዘግየቱ ራሱ እንደጎዳት ማስረዳት አለብን። ማለትም ያኔ ቢታወቅ ኖሮ ሕክምናው ይቀል፣ የመዳን ዕድሏም ይሰፋ ነበር ብሎ የሚመሰክር ባለሙያ ያስፈልጋል። የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። ያኔ እጢው ምን ያህል እንደነበር አሁን ማን ሊናገር ይችላል? የካንሰር ሐኪም ነው ወይስ ፓቶሎጂስት (የእጢ ናሙና የሚመረምር ሐኪም)?

ይርጋውም (ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) ያስጨንቀኛል። የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ቀጠሮ ነው ወይስ በሽታው ከታወቀበት ቀን?

የሕክምና ማህደሯን ግልባጭ ጠይቀን የሰጡን ጎዶሎ ነው። የመጀመሪያው ቀን ማስታወሻ የለበትም። (የሚገርመው፣ የቅባቱ ማዘዣ አለ!) የጎደለውን ራሴ በጽሑፍ ልጠይቅ ወይስ በጠበቃው በኩል ይሻላል? እሷ ኬሞዋን ጀምራለች፤ ላይ ታች የምለው እኔ ነኝ።