ፌሪቲን 9፣ ቫይታሚን ዲ 13፣ የወር አበባ በ52 ቀን፦ ከየቱ ልጀምር?

ማታ_ፈረቃ፦

ሰላም እህቶች። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

31 ዓመቴ ነው። የምሠራው ሌሊት ነው፣ ቀን እተኛለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የወር አበባዬ እንዳሻው ነው የሚመጣው። አንዴ በ40 ቀን፣ አንዴ በ52። ሲመጣ ደግሞ 8 ቀን ይቆያል፣ ያውም በብዛት። ፀጉሬ በማበጠሪያ እየተጠቀለለ ይወጣል። ከራሴ የጠፋው አገጬ ላይ ይበቅል ጀመር፣ ምን ዓይነት ዝውውር እንደሆነ እንጃ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል።

ተመረመርኩ። ሄሞግሎቢን 12.1፣ ፌሪቲን (ሰውነት ያከማቸው አይረን ማለት ነው) 9፣ ቫይታሚን ዲ 13። ታይሮይድ ደህና ነው ተባለ። ከአልትራሳውንድ በኋላ ፒሲኦኤስ (የእንቁልጢና የሆርሞን መዛባት) አለብሽ አሉኝ። ሐኪሙ አይረንና ቫይታሚን ዲ ጻፈልኝና «አመጋገብሽን አስተካክዪ» አለኝ። በቃ። ምኑን? እንዴት? ልጠይቅ ዞር ስል ቀጣዩዋ ታካሚ ገብታ ተቀምጣለች።

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ አንዷ ወተት ተዪ ትላለች፣ ሌላዋ ስንዴ፣ ሦስተኛዋ ፍራፍሬም ስኳር ነው ትላለች። ሁሉንም ከሰማሁ የሚተርፈኝ ውኃ ብቻ ነው።

አይረኑ ሆዴን ስለሚያመኝ ጠዋት ከሥራ ስገባ ከዳቦ ጋር በወተት ሻይ እውጠዋለሁ። 3 ወር ሆነኝ፣ ድካሙ ንቅንቅ አላለም። ሻይ በቀን 5 ኩባያ እጠጣለሁ። ሌሊቱን የሚያቆመኝ እሱ ነው።

ከየቱ ልጀምር?

ቆጣሪዋ፦

ከሻዩ ጀምሪ።

ቀልድ አይደለም። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን አይረኑን አንጀት ውስጥ አንቆ ይይዘዋል። የወተቱ ካልሲየም ደግሞ የቀረውን ይጋፋል። ክኒንሽን ከሁለት ጠላቶቹ ጋር አንድ ላይ እየዋጥሽው ነው።

የማውቀው ራሴ ስለሠራሁት ነው። 6 ወር ሙሉ በወተት ሻይ ወሰድኩ። ፌሪቲኔ ከ11 ወደ 13 ወጣ። ክኒኑ የማይረባ ነው ብዬ ልጥለው ስል ደም የምትቀዳልኝ ልጅ «በምንድን ነው የምትውጪው?» አለችኝ። ያን ጥያቄ ሐኪም ጠይቆኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ክኒኑን በውኃ፣ ከብርቱካን ጋር አደረግኩት፤ ሻዩን 2 ሰዓት አዘገየሁት። በአራተኛው ወር 31 ገባ።

ሆድሽን ካመመሽ ሐኪምሽን «አንድ ቀን እየዘለልኩ ልውሰደው?» ብለሽ ጠይቂ። አይረን ስትውጪ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። እሱ አንድ ቀን ያህል አይረን የሚገባበትን በር ዘግቶ ይቆያል። በማግስቱ የዋጥሽው አብዛኛው ውጭ ይቀራል፣ ሆድሽን ለማወክ ብቻ። እኔ አንድ ቀን መዝለል ስጀምር የሆድ ድርቀቱም ተወኝ።

በሄሞግሎቢኑ እንዳትታለዪ። ላልፀነሰች ሴት መነሻው 12 ስለሆነ «ደህና ነሽ» ይሉሻል። ሄሞግሎቢን ገበታው ነው፣ ፌሪቲን ጎተራው። ገበታው ላይ ምግብ እያለ ጎተራው ሊራቆት ይችላል።

ከምግብ፦ የጉበት፣ የቀይ ሥጋና የዓሣ አይረን ቶሎ ይሰርጋል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ውስጥም ብዙ አለ፣ ግን ግትር ነው። ሎሚ ጭመቂበት ወይም ቃሪያና ቲማቲም አብረሽ ብዪ፤ ቫይታሚን ሲ ያለዝበዋል። ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል፣ ወንድ 8። ልዩነቱ በየወሩ የሚፈስሰው ነው። ስለዚህ ያን 8 ቀን ለሐኪም ንገሪ። ደሙ ካልተያዘ በሚያፈስ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው የሚሆንብሽ።

ስለ ሆርሞኑ። «ሆርሞን የሚያስተካክል ምግብ» እያሉ የሚሸጡትን እርሺው። ፒሲኦኤስ ላይ በምግብ የምትነኪው ነገር ኢንሱሊን ነው፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን። የብዙዎቻችን ሰውነት ኢንሱሊን እንደ ልብ አይሰማም፣ ስለዚህ አብዝቶ ያመርታል። የበዛው ኢንሱሊን እንቁልጢን ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን የሚባለውን) አምርቺ ይላታል። ጉበት ደግሞ ቴስቶስትሮኑን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን ይቀንሳል። የአገጭሽ ፀጉር ከዚያ ነው።

የእኔ ቁርስ ነጭ ዳቦ፣ ማርማላታና ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ነበር። በ4 ሰዓት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ብስኩት እስካገኝ። አሁን ሁለት እንቁላል፣ የተቀቀለ ባቄላ፣ ከዳቦው አንድ ቁራጭ ብቻ፣ ያልተፈተገ እህል ከሆነ። ሌላ የተለወጠ ነገር ብዙም የለም። ወተት አልተውኩም፣ ስንዴም አልተውኩም። ከራት በኋላ 20 ደቂቃ እራመዳለሁ። በ7 ወር ከ84 ኪሎ ወደ 78 ወረድኩ፣ የወር አበባዬም ከ60 ቀን ወደ 36 ተጠጋ። ሐኪሜ ክብደት ካለብሽ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻ ብዙ ይለውጣል ብሎኝ ነበር፤ እኔ 30 ኪሎ ነበር የማስበው።

መድኃኒት_ቤት_ጥግ፦

ፋርማሲስት ነኝ፣ ላሳጥር።

ቫይታሚን ዲ 13ን በምግብ እሞላለሁ ብለሽ አትልፊ። አንድ እንቁላል 40 ዩኒት ገደማ ነው ያለው፤ የቀኑ መጠን ደግሞ 600 ነው። 15 እንቁላል! የሰባ ዓሣ ይሻላል፣ ግን በየቀኑ የሚበላው ማነው። ቀን ተኝተሽ ሌሊት ስለምትሠሪ ፀሐይም አታገኚም። ክኒኑን ውሰጂ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር፤ በቅባት ነው የሚሟሟው። ካልታዘዘልሽ በቀር በቀን ከ4,000 ዩኒት አትለፊ፣ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል።

ለፀጉርሽ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን እየወሰድሽ ነው? ከሆነ ከምርመራ በፊት ተናገሪ። በአንዳንድ ማሽን ላይ የታይሮይድ ውጤትን ያዛባል። ደህና የተባለው ታይሮይድ ደህና ላይሆን ይችላል።

ወደፊት ሜትፎርሚን (ሰውነት ኢንሱሊንን እንዲሰማ የሚያግዝ መድኃኒት) ካዘዙልሽ ደግሞ ቢ12ሽን በየጊዜው አስለኪ፣ መድኃኒቱ ይቀንሰዋል።

የሮማን_ፍሬ፦

እኔን ያዳነኝ ተልባና የዱባ ፍሬ ነው። የወሩን የመጀመሪያ አጋማሽ እነዚህን፣ ሁለተኛውን ሰሊጥና ሱፍ። በ3 ወር ተስተካከለልኝ። ሐኪም ገንዘብ ይበላል እንጂ።

ቆጣሪዋ፦

@የሮማን_ፍሬ ደስ ብሎኛል፣ ፍሬዎቹም ጥሩ ምግብ ናቸው። ግን የወሩን ግማሽ በዚህ ግማሹን በዚያ መክፈሉ ይሠራል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ደግሞ የእሷ ወር 52 ቀን ነው፣ አጋማሹን በምን ታውቃለች?

ቀጭኗ፦

ከሌላ ወገን ልናገር። እኔም ፒሲኦኤስ አለብኝ፣ ግን 49 ኪሎ ነኝ። «ካርቦሃይድሬት ተዪ» የሚለውን ሰምቼ ሁሉንም ጣልኩት። ወተት፣ እህል፣ ፍራፍሬ። ጠዋት ጠዋት እሮጥ ነበር። በ40 ቀን ይመጣ የነበረው ጭራሽ ቀረ፣ 5 ወር ሙሉ። አንጎል ምግብ ጎደለ ብሎ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያጠፋው የወር አበባን ነው አሉኝ። በቂ መብላት ስጀምር ተመለሰ።

ስለዚህ ማታ_ፈረቃ፣ ክብደትሽን አልጻፍሽም። የቆጣሪዋ ምክር ለእሷ ሠርቷል፤ ለሚበዛው ሰውም ይሠራል። አንቺ ግን ቀጭን ከሆንሽ ከሰሃኑ ላይ አትቀንሺ፣ የሰሃኑን ዓይነት ቀይሪ። ደግሞ የወር አበባሽ ከ3 ወር በላይ ከቀረ ዝም አትበዪ። የማህፀን ግድግዳ ሳይወርድ እየወፈረ መቆየቱ ጥሩ አይደለም።

ማታ_ፈረቃ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እዚህ ከሐኪም ቤቱ የበለጠ ተጠይቄያለሁ።

71 ኪሎ ነኝ፣ ቁመቴ 1.60። ባዮቲን አዎ፣ ጎረቤቴ ሰጥታኝ 2 ወር ወሰድኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ታይሮይዱን ደግሜ አሠራለሁ፣ ያንን አቁሜ። ስለ ደሙም እነግራቸዋለሁ። ብዙ መሆኑን ራሱ አላውቅም ነበር፣ እናቴም እንዲሁ ነበረች።

ዛሬ ጠዋት አይረኑን በውኃ ዋጥኩት። ከዳቦው ይልቅ ምስር በሎሚ በላሁ። ትንሽ አቅለሸለሸኝ፣ ግን አልፏል። ሻዩን ሰዓት እያየሁ ስጠብቅ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ አንዱ ኩባያ በዚያው ቀረ።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ቡናስ?

ቆጣሪዋ፦

ቡናም ያው ነው፣ እህቴ። እኔም ስሰማ አልቅሻለሁ።