ልጄ ሲስተሮቹ ጋ ነው የምትማረው፣ አማቴ «አውጧት» ብለዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የደብረ ብርሃኗ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ልጄ 5 ዓመቷ ነው። ከመስከረም ጀምሮ የካቶሊክ ሲስተሮች የሚያስተዳድሩት መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያስገባኋት ንጹሕ ስለሆነ፣ ክፍሉ ስላልተጨናነቀና ለኪሴም ስለሚቀርብ ነው። እስካሁን ተከፍቼባቸው አላውቅም። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ጨርሳለች፣ በዚህ ብርድ እንኳን «አልሄድም» ብላ አታውቅም።

ባለፈው እሁድ ግን አማቴ ከመንዝ መጥተው ነበር። ምሳ ሲቀርብ ልጅቷ ሁለት እጇን አጋጥማ፣ ዓይኗን ጨፍና የምግብ ጸሎት አደረሰች። ቀጥላ ስለ ማርያም መዝሙር ዘመረች። አማቴ የቆረሱት እንጀራ እጃቸው ላይ ቀረ። «ይሄ የእኛ ዜማ አይደለም» አሉ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ «ወይ አውጧት፣ ወይ እኔ ይዣት እሄዳለሁ» ነው። ባሌ እንደሁ እናቱ መናገር ሲጀምሩ ስልኩን ነው የሚያየው።

ላውጣት? እዚያ የተማራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ጎራው
አውጪያት እህቴ፣ ምን ጥያቄ አለው። ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብሎ ሕዝቡን ሲያስገድድ ስንት ደም ፈሰሰ? በ1624 «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የተባለው በከንቱ አይደለም። ያኔም በትምህርት ነው የጀመሩት። ልጅ የያዘ ነገውን ያዘ ማለት ነው።

በሶ በጥብጪ
እኔ እንደዚህ ያለ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው ያደግኩት፣ ዛሬ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነኝ። እንዲያውም ረቡዕና ዓርብ ሲስተራችን ምሳ ዕቃችንን ከፈት አድርጋ እያየች እንቁላል ይዛ የመጣችውን ልጅ «ዛሬ ጾም አይደል እንዴ?» ትላት ነበር፣ እኛ ደግሞ በሷ አፍረን ሳይሆን እናታችን ጋ እንዳትነግርብን ፈርተን ነበር የምንደብቀው ሃሃ።

ሁሉም ማር ነበር ግን አልልም። አንድ ግንቦት ላይ፣ ለነሱ ግንቦት ሙሉውን የማርያም ወር ነው፣ ወላጅ ሳይጠይቁ ሁላችንንም ጸሎት ቤታቸው አስገቡን። እኛ የልደታን ንፍሮ በልተን ገና ሳምንትም አልሆነንም፣ እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ሄደች። አልጮኸችም፣ ጠየቀች። ይቅርታ አሏት፣ ከዚያ በኋላ በጸሎት ሰዓት የኛዎቹ ሥዕል እንስል ነበር። ስለዚህ ከማውጣትሽ በፊት ሄደሽ ጠይቂ።

አንጎለላ
ጎራው ወንድሜ፣ ጎንደርን ካነሳህ ሸዋንም አንሳ እንጂ። ከደብረ ብርሃን እልፍ ብላ ያለችው ልቼ ላይ ምኒልክ አባ ማስያስን የተቀበሉት በ1860 ዓ.ም ነው። ካፑቺን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር መነኩሴ ነበሩ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ሸዋ ኖረዋል፣ ለፈንጣጣ እየከተቡ ብዙ ሰው አትርፈዋል። በመጨረሻ ያስወጧቸው አፄ ዮሐንስ ናቸው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፣ ማስያስም የመጡት ለመስበክ ነው። ግን አገሩ ለዚህ መላ አበጅቶለት ነበር። በ1936 የወጣው የሚሲዮን ደንብ ኦርቶዶክስ በሚበዛበት አካባቢ ሚሲዮኖች ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት እንዲከፍቱ ፈቅዶ፣ የራሳቸውን ሃይማኖት እንዳይሰብኩ ከልክሏል።

ያሁኑ ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 27 ላይ ልጅን በራስ እምነት ማሳደግ የወላጅ መብት ነው ይላል። ይህን ይዘሽ ብትሄጂ ማንም አይቆጣሽም።

አዲግራቴው
እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ ለሥራ ነው ሸዋ የመጣሁት። በ80 ቀኗ በናንተ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀችን ልጅ የኛ ቤተ ክርስቲያን ደግማ አታጠምቅም፣ ያልተጠመቀውንም ቢሆን ከወላጆቹ ቢያንስ አንዱ ሳይፈቅድ ማጥመቅ በሕጋችን ክልክል ነው። ለአማትሽ ደግሞ እኛም በግዕዝ እንደምንቀድስና ገናን ከናንተው ጋር ታኅሣሥ 29 እንደምናከብር ንገሪያቸው፣ ባያምኑሽም።

የሕፃናት ክፍል መምህር
አትቀየሚኝ እህቴ፣ እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ልጅቷ የምግብ ጸሎት ከሲስተሮቹ የተማረችው ቤት ውስጥ ማን ሲጸልይ ሰምታ ስለማታውቅ ይሆን? እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምራለሁ። ክፍሉ ቅዳሜ ባዶ ነው፣ ወላጅ «ብርድ ነው» ይላል፣ ሰኞ በዚያው ብርድ በጠዋት ባጃጅ ላይ ይጭናታል። በሳምንት አምስት ቀን ሌላ ሰው ጋ የምትውል ልጅ አንድ ሰዓት እንኳ ከኛ ጋር ካልቆየች ዜማው ከየት ይምጣላት? የቄስ ትምህርት ቤት ድሮ ቀረ፣ ዳዊት የሚያስደግም አባት በየቤቱ የለም። ብታወጫትም ባታወጫትም ቅዳሜ አምጫት።

የደብረ ብርሃኗ እናት
መምህር፣ አልተቀየምኩም። ትንሽ አመመኝ እንጂ።

ትናንት ሄጄ ጠየቅኩ። ሲስተር ቁጭ አድርጋ ሻይ አፈላችልኝና የሚዘምሩበትን ደብተር አሳየችኝ። ከፈለግሽ በመዝሙር ሰዓት እናስቀራታለን አለችኝ። አስተማሪዋ ደግሞ የሠፈራችን ልጅ ናት ለካ፣ ሥላሴ ስታስቀድስ ነው የማውቃት! ለጊዜው ላውጣት የሚለውን ትቼዋለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ መምህር እንዳሉት ይዣት እሄዳለሁ።

አማቴ ግን ወደ መንዝ የሚመለሱበትን ቀን አራዝመዋል። ማታ ማታ ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ያስጠኗታል። ትናንት መሃል ላይ አቋረጠቻቸውና «እምዬ፣ ሲስተርም እኮ ገብርኤል ለማርያም ያለውን ታውቀዋለች» አለቻቸው። አማቴ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እሷን ደግሞ ማን አስተማራት?» አሉ።